የላቫ ላምፕ ሰም አልነሳ አለ፣ ውሃውም ደፈረሰ፤ ልክፈተው ወይስ ልተወው?

ብርሃን ፈላጊ (ሜሪላንድ)፦

ጤና ይስጥልኝ የዚህ ቤት ሰዎች። ሁለት ላቫ ላምፕ (ጠርሙስ ውስጥ ያለ ሰም በአምፖል ሙቀት ቀልጦ የሚወጣ የሚወርድበት የጌጥ መብራት) እጄ ላይ አለ፤ ከመነካካቴ በፊት የሚያውቅ ሰው ምክር ፈልጌ ነው።

አንደኛው ሴንቸሪ የሚባለው የአሜሪካ ሞዴል ነው። መቀመጫው ወርቃማ፣ ዙሪያውን በጥቃቅን ቀዳዳ የተበሳሳ፣ ጠርሙሱ 52 አውንስ (አንድ ሊትር ተኩል ገደማ) የሚይዝ። ከግርጌው የተለጠፈው ወረቀት «ላቫ ሲምፕሌክስ፣ ቺካጎ» ይላል። ሰሙ ቀይ ነው፤ ውሃው ግን ቡናማ ሆኗል። አራት ሰዓት በርቶም ሰሙ ከታች ጉብ ይላል እንጂ አይነሳም። ውስጡ ያለው አምፖል «60 ዋት ይተካል» የሚባለው ኤልኢዲ ነው።

ሁለተኛው አስትሮ የሚባለው የእንግሊዝ ሞዴል ነው፤ 240 ቮልት ይላል። ስፒናውን በአስማሚ ሰክቼ ሳበራው ፈዘዝ ያለ ብርሃን ይሰጣል፣ ሰሙ ግን ጭራሽ አይለሰልስም። በጁላይ ሙቀት በፖስታ የተላከ ነው፤ ውሃው እንደ አጥሚት ነጭ ሆኖ ነው የደረሰው።

ቆርኪውን ከፍቼ ውሃውን ልቀይር? ሰሙንስ በሻማ ሰም መተካት ይቻላል? ደግሞ አንዱን አዲስ አበባ ላለው ወንድሜ ልወስድለት አስቤያለሁ፤ እዚያ ይሠራል?


ሽቦና ካቻቢቴ፦

እህቴ፣ ቆርኪውን ለጊዜው አትንኪው። አንቺ ከዘረዘርሽው አብዛኛው የሙቀት ችግር እንጂ የውሃ ችግር አይደለም።

ኤልኢዲው 60 ዋት ይተካል የሚባለው በብርሃኑ ነው። የሚበላው 8 ወይም 9 ዋት ብቻ ነው። ላቫ ላምፕ ውስጥ ደግሞ አምፖሉ ምድጃ ነው፤ ብርሃኑ ትርፍ ነው። ሰሙ ሲቀዘቅዝ ከውሃው በጥቂቱ እንዲከብድ፣ ሲሞቅ ሰፍቶ በጥቂቱ እንዲቀል ተደርጎ የተቀመመ ነው። ልዩነቱ በጣም ትንሽ ስለሆነ ከታች የሚመጣው ሙቀት ካነሰ ሰሙ ቢቀልጥ እንኳ ከመሬት አይላቀቅም። ያንቺው «ጉብ» ይኼ ነው።

52 አውንሱ ሴንቸሪ የሚፈልገው 40 ዋት ባለ ክር አምፖል ነው፤ ቅርጹ ኤ15፣ ጥርሱ ኢ26፣ ማለትም ተራው የአሜሪካ ጥርስ። ከኦገስት 2023 ወዲህ ተራ ባለ ክር አምፖል አሜሪካ መደብር ውስጥ አይሸጥም፤ ለምድጃና ለማቀዝቀዣ የሚሠራው ግን ክልከላው ስለማይነካው አሁንም አለ። ካርቶኑ ላይ «አፕላያንስ» የሚል 40 ዋት ፈልጊ። ሌላ መጠን ያላችሁ አንባቢዎች ከዚህ አትገልብጡ፦ ባለ 20 አውንሱ፣ 14.5 ኢንች ቁመት ያለው ላምፕ 25 ዋት ነው የሚወስደው፤ አምፖሉ አር39 አንጸባራቂ፣ ጥርሱም ቀጠን ያለው ኢ17።

«40 ካልበቃ 60 ላድርገው» ብሎ ነገር የለም። ዋት ሲበዛ ሰሙ ላይኛው አንገት ላይ ተሰብስቦ ይቀራል፣ ቀለሙ ይበላሻል፣ ጠርሙሱ ውስጥ ያለው ግፊትም ይጨምራል። ምድጃ ላይ ማሞቅማ ጭራሽ! በ2004 ዋሽንግተን ግዛት ኬንት ከተማ ውስጥ አንድ ወጣት ላቫ ላምፕ ምድጃ ላይ አድርጎ ሲያሞቅ ጠርሙሱ ፈንድቶ ገድሎታል።

አስትሮሽ ደግሞ በቮልቴጅ ነው የተራበው። ለ240 ቮልት የተሠራ አምፖል በአሜሪካው 120 ሲበራ ኃይሉ በግማሽ አይደለም የሚወርደው፤ 40 ዋቱ ወደ 10 እና 13 ዋት መሃል ይወርዳል። በዚያ ሙቀት ሰም አይቀልጥም። ሁለት መንገድ አለሽ። አንዱ ከ120 ወደ 240 የሚያወጣ፣ ቢያንስ 100 ዋት የሚችል ትራንስፎርመር መግዛት ነው። ሌላው አምፖሉን ብቻ መቀየር ነው፦ የድሮዎቹ አስትሮዎች አብዛኞቹ ኢ14 ጥርስ ያለው አር50 አንጸባራቂ 40 ዋት ነው የሚወስዱት፤ ለ120 ቮልት የተሠራው በኢንተርኔት ይገኛል። አዳዲሶቹ በሌላ ዓይነት አምፖል ስለሚሠሩ ከመግዛትሽ በፊት የመቀመጫውን ውስጥ አንብቢ።

ሳታበሪው በፊት ግን ሽቦውን እዪ። ስፒናውን ንቀይና ጠርሙሱን አንሺ፤ ከዚያ ገመዱን ፖርታላምፓዳው አጠገብ ጎንበስ አድርገሽ ተመልከች። በሙቀት የደረቀ ላስቲክ እዚያ ነው ቀድሞ የሚሰነጠቀው። ስንጥቅ ካለ በናስትሮ አትጠቅልይው፣ ናስትሮ ሙቀት አይችልም፤ ገመዱን ሙሉ በሙሉ ቀይሪ። ለአሜሪካው 18 ጌጅ ባለ ሁለት ሽቦ ገመድ ይበቃል። ሲገጠም መስመር መስመር ያለበት ወገን ኒውትራል ነው፤ እሱ ወደ ብርማው ብሎን፣ ለስላሳው ወደ ነሐስማው ብሎን ይሄዳል። መቀመጫው ብረት ስለሆነ ይህን መገልበጥ ቀልድ አይደለም። ገመዱ መቀመጫው ውስጥ እንደገባ ቋጠሮ አድርጊበት፤ ሲጎተት ብሎኑን እንዳይነቅል። የፖርታላምፓዳው መሃል ያለው ምላስ ጠፍጥፎ ከሆነ ስፒናው ተነቅሎ ሳለ በትንሽ ካቻቢቴ ወደ ላይ ቀና አድርጊው፤ ብልጭ ድርግም የሚሉ ላምፖች ብዙዎቹ በዚህ ይድናሉ።

ከዚያ ክፍሉ ከ20 እስከ 24 ዲግሪ ሆኖ፣ የኤሲ ንፋስ በማይነካው ቦታ አስቀምጠሽ አብሪ። መጀመሪያ ቀን ሦስት አራት ሰዓት ይፈጃል። ለብዙ ጊዜ ሳይበራ የኖረ ላምፕ የመጀመሪያዎቹን ጥቂት ዙሮች ሰነፍ ነው፣ ተስፋ አትቁረጪ። በአንድ ጊዜ ከስምንት ሰዓት አይለፍ።


የድሮ ዕቃ፦

ካቻቢቴ ያለው ሁሉ ልክ ነው። እኔ ስለ ሴንቸሪው ብቻ ልጨምር፤ «ላቫ ሲምፕሌክስ» የሚለው ወረቀት ብዙ ነገር ይለውጣልና።

ላምፑን መጀመሪያ የሠራው እንግሊዛዊው ኤድዋርድ ክሬቨን ዎከር ነው፤ በ1963 ፑል ከተማ ውስጥ፣ ክሬስትዎርዝ በሚባል ኩባንያው፣ አስትሮ ብሎ ለገበያ አወጣው። አሜሪካኖቹ በ1965 የንግድ ትርኢት ላይ አይተውት መብቱን ገዙና ቺካጎ ውስጥ ማምረት ጀመሩ። ክሬስትዎርዝ በ1992 ስሙን ማትሞስ ብሎታል። ስለዚህ አስትሮሽ ግርጌው ላይ ክሬስትዎርዝ ካለ ከ1992 በፊት የተሠራ ነው፣ ማትሞስ ካለ ከዚያ ወዲህ። የአሜሪካዎቹ ማምረቻ በ2000ዎቹ መጀመሪያ ወደ ቻይና ሄዷል፤ ግርጌው ላይ «ቻይና» የሚል ላምፕ «የ60ዎቹ ነው» እየተባለ ሲሸጥ ካየሽ አልፈሽ ሂጂ።

አሁን ወደ ቁም ነገሩ። የዎከር የአሜሪካ ፓተንት ሰሙን ለማክበድ ካርቦን ቴትራክሎራይድ ይጠቅሳል። ይህ ጉበት የሚጎዳ ፈሳሽ ነው፤ አሜሪካ በ1970 ከቤት ውስጥ ዕቃዎች ከልክላዋለች። ያንቺ ወረቀት ያለባቸው ጠርሙሶች ከዚያ ዘመን ሊሆኑ ስለሚችሉ ማንም ምንም ቢልሽ ወጥ ቤትሽ ውስጥ እንዳትከፍቺው። ጠርሙሱ ተሰብሮ ቢገኝ መስኮት ይከፈታል፣ በጓንት ይነሳል፣ በማጠቢያ ገንዳ አይደፋም፣ አደገኛ ቆሻሻ ለሚቀበለው የአካባቢሽ ጣቢያ ይሰጣል።

ቡናማው ውሃ የቀለም እርጅና ነው። ፀሐይና ዓመታት የሠሩት ነው፤ ማብራት ማጥፋት አይመልሰውም። ግን ለሰብሳቢ የመጀመሪያው ውሃና የመጀመሪያው ቆርኪ ያለው ጠርሙስ፣ ቡናማም ቢሆን፣ ታጥቦ አዲስ ውሃ ከተሞላው ይበልጣል። እኔ የምመክርሽ እንዲህ ነው፦ አሮጌውን ጠርሙስ ጨርቅ ጠቅልለሽ አቁመሽ አስቀምጪ (አታጋድሚው)፤ አዲስ ባለ 52 አውንስ ጠርሙስ ገዝተሽ በአሮጌው መቀመጫ ላይ አስቀምጪ። ይገጥማል። የዕለት ዕለት ብርሃንሽን ከአዲሱ ታገኛለሽ፣ ዋጋውም አይነካም።

መቀመጫውን በእርጥብ ጨርቅ ብቻ ጥረጊ። ወርቃማው ሽፋን ስስ ነው፤ የብረት ማወልወያ ክሬም አንድ ጊዜ ከነካው ከሥሩ ያለው ነጭ አሉሚኒየም ብቅ ይላል፣ መመለሻ የለውም። ሌላ ለመግዛት ስትወጪ ደግሞ ጣትሽን በጠርሙሱ አፍ ዙሪያ አሳልፊ፣ ሽርፍራፊ ካለ ተዪው። ግርጌው ላይ በባትሪ ብርሃን ፀጉር የምታክል ስንጥቅ ፈልጊ። ከአንገቱ በታች ብዙ ባዶ ቦታ ካለ ቆርኪው ያስተነፍሳል ማለት ነው።


ጨው በልክ፦

ከጋሼ የድሮ ዕቃ ጋር በሴንቸሪው እስማማለሁ። በአስትሮው ግን ሁሉም ላምፕ የሙዚየም ዕቃ አይደለም፤ ውሃው የሞተን ጠርሙስ አቅፎ መቀመጥ ምን ይሠራል? ብቻ ተራውን ጠብቂ።

ነጭ ድፍርስ ሁለት ዓይነት ነው። ሰሙ ሞቆ ሳለ ጠርሙሱ ከተናወጠ ሰሙ በዓይን ወደማይታይ ጠብታ ተበጣጥሶ ውሃው ውስጥ ይንሳፈፋል፤ በሐምሌ ሙቀት በፖስታ የመጣ ላምፕ ላይ የሚጠበቀው ይህ ነው። መድኃኒቱ ትዕግሥት ነው፦ ሦስት ቀን ሳይነካ ይቀመጥ፣ ከዚያ በትክክለኛው አምፖል ስድስት ስምንት ሰዓት እየበራ ሙሉ ሌሊት ይቀዝቅዝ። ይህን ከአምስት እስከ አሥር ዙር ስጪው። በየዙሩ ጥቂት ከጠራ ቀጥዪ። ከአሥር ዙር በኋላም ያው ከሆነ፣ ወይም ሰሙ መስታወቱ ላይ እየተለጠፈ ፊልም ከሠራ፣ ውሃው ውስጥ ያለው የሳሙናነት ቅመም ተዳክሟል፤ ያኔ ይከፈታል። የክሬስትዎርዝ ጠርሙስ ከሆነ ግን ለሴንቸሪው የተባለው ለእሱም ይሠራል፣ አይከፈትም።

አከፋፈቱ እንዲህ ነው። ላምፑ 24 ሰዓት ቀዝቅዞ ሰሙ ድንጋይ ይሁን። የውሃውን ልክ ከውጭ በፕላስተር ምልክት አድርጊ፤ ይህን የዘለለ ሰው በኋላ ይጸጸታል። ከጌጡ ክዳን ሥር ያለው የቢራ ቆርኪ ነው፣ 26 ሚሊ ሜትር። በአንድ ትንፋሽ አትፈንቅዪው፤ ዙሪያውን ትንሽ ትንሽ አንሺ፣ የመስታወቱ ከንፈር እንዳይሸረፍ። ጓንት አድርጊ፣ መስኮት ክፈቺ። አሮጌውን ውሃ በማሰሮ አስቀምጪ፣ ሥራው እስኪያልቅ አይደፋም። ሰሙ ያለበትን ጠርሙስ በቀዝቃዛ ዲስትልድ (በእንፋሎት የተጣራ) ውሃ ሁለት ሦስት ጊዜ ለቅለቅ አድርጊ፤ በብሩሽ አትፈትጊ፣ ሙቅ ውሃ አታስገቢ። የቧንቧ ውሃ ካልሲየሙ ከሳሙናው ጋር ተያይዞ እንደገና ያደፈርስብሻል።

ከምልክቱ 50 ሚሊ ሊትር አጉድለሽ ዲስትልድ ውሃ ሙዪ፤ በጠርሙሱ ግድግዳ ይውረድ፣ ከታች ያለውን የብረት ሞላ እንዳያነሳው። አፉን በስስ ፕላስቲክ ሸፍነሽ አብሪ። ሰሙ ሙሉ በሙሉ ከቀለጠ በኋላ ነው ቅመሙ የሚጀመረው።

መጀመሪያ ሳሙና። ቀለምም ሽታም የሌለው የዕቃ ማጠቢያ ፈሳሽ 1 ሚሊ ሊትር በ20 ሚሊ ሊትር ዲስትልድ ውሃ በጥብጪ። ከዚያ በጥብጡ 1 ሚሊ ሊትር በሲሪንጅ ጨምሪና 20 ደቂቃ ጠብቂ። ሰሙ ከመስታወቱ እየተላቀቀ ጠርዙ ክብ ሲሆን አቁሚ። ከበዛ አረፋ ይሠራል፣ ሰሙም ወደ ፍሬ ፍሬ ይበተናል፤ መውጫው ውሃውን እንደገና መቀየር ብቻ ነው።

ቀጥሎ ጨው። ንጹሑ ውሃ ለሰሙ ቀላል ስለሆነ ሰሙ ከታች ይቀራል፤ ጨው ውሃውን ያከብደዋል። 30 ግራም አዮዲን የሌለው ጨው በ100 ሚሊ ሊትር ለብ ያለ ዲስትልድ ውሃ አሟሚ። የገበታው ባለ አዮዲን ጨው እንዳይጓጉል የሚጨመርበት ነገር ውሃውን ያደፈርሳል። ኤፕሰም ጨውም ይሆናል፣ 50 ግራም በ100። ከዚህ 5 ሚሊ ሊትር ጨምሪ፣ ግማሽ ሰዓት ጠብቂ። የጨው ውሃው ከባድ ስለሆነ ቁልቁል ወርዶ ነው የሚቀላቀለው፤ ወዲያው ውጤት ካላየሁ ብሎ የሚደጋግም ሰው ነው ሁልጊዜ የሚያበላሸው። ሰሙ ቀና ብሎ አንገት ማውጣት ሲጀምር በ1 ሚሊ ሊትር ሂጂ። አልፎ ሰሙ ከላይ ከቀረ፣ 50 ሚሊ ሊትር ከላይ ቀድተሽ በዲስትልድ ውሃ ተኪ።

እስከ አፉ እንዳትሞዪ። ሲሞቅ ውሃውም ሰሙም ይሰፋል፤ አንድ ሊትር ተኩል በሚይዝ ጠርሙስ ውስጥ ጭማሪው 50 ሚሊ ሊትር ገደማ ነው። ስለዚህ በዚያ መጠን ጠርሙስ ባዶ ቦታው ከ100 ሚሊ ሊትር አይነስ፤ ትንሽ ለሆነ ጠርሙስ በዚያው ልክ ይቀነሳል። ቆርኪው የሚመታው ሁሉ ነገር ሙሉ በሙሉ ከቀዘቀዘ በኋላ ነው፤ ጠረጴዛ ላይ የሚቆመውን ቆርኪ መምቻ ተጠቀሚ። ሁለት ክንፍ ያለው የእጅ መምቻ የቢራ ጠርሙስ አንገት ላይ ያለውን ቀለበት ይዞ ነው የሚሠራው፣ እዚህ ይንሸራተታል።

የሻማ ሰሙን እርሺው። ተራ ፓራፊን ከውሃ የቀለለ ነው፣ ቀዝቅዞም ይንሳፈፋል። ፋብሪካዎቹ ሲያከብዱት የኖሩት ለልብስ ደረቅ እጥበት በሚውለው በፐርክሎሮኢቲሊን ነው፤ የአንድ ሊትሩ ክብደት 1.6 ኪሎ ነው፣ ለጤናም ጎጂ ነው። ሰሙ ከተበላሸ ሌላ ላምፕ ገዝቶ ጠርሙሱን መቀየር ይረክሳል።


ብርሃን ፈላጊ (ሜሪላንድ)፦

እግዚአብሔር ይስጥልኝ ሁላችሁም። ሴንቸሪው 40 ዋት ገብቶለት ተነስቷል፣ አልከፍተውም። አስትሮውም ማትሞስ ነው የሚለው፤ የ120 ቮልቱ አምፖል ከገባለት ወዲህ ሰሙ ይወጣል፣ ውሃውም እየጠራ ነው። ግን ከታች ያለው የብረት ሞላ በአንድ ጎኑ ቀና ብሎ ተጋድሟል፤ ትንንሽ የሰም ኳሶች ወርደው ከሥሩ ይከማቻሉ እንጂ ከትልቁ ጋር አይዋሃዱም። ይኼስ?


ሽቦና ካቻቢቴ፦

ሞላው ለጌጥ አይደለም የገባው። የሚወርዱትን ኳሶች ቆዳ የሚሰብረው እሱ ነው፤ ያለ እሱ እርስ በርስ ተነካክተው ሳይቀላቀሉ ይቀመጣሉ። ሰሙ ሙሉ በሙሉ በቀለጠበት ሰዓት አጥፊና ስፒናውን ንቀይ። በወፍራም ጓንት ጠርሙሱን ከመቀመጫው ሳታነሺ ወደ ግራ ወደ ቀኝ ቶሎ ቶሎ፣ ግን አጭር አጭር አድርገሽ አዙሪው። ማዞር ነው ያልኩት፤ መነቅነቅ አይደለም፣ ከነቀነቅሽው ወደ አጥሚቱ ትመለሻለሽ። ሞላው በራሱ ክብደት ይተኛል። ከዚያ እዚያው ሳይነካ ይቀዝቅዝ፤ ሰሙ ሲጠነክር ሞላውን ይዞት ይቀራል።


ቦሌ 220፦

የአዲስ አበባውን ጥያቄ ማንም አልነካውም፤ እኔ ልመልስ።

አስትሮውን ውሰጂለት፣ ከድሮው የ240 ቮልት አምፖል ጋር። እዚህ 220 ስለሆነ 40 ዋቱ ወደ 35 ይወርዳል፤ ትንሽ ይዘገያል እንጂ ይሠራል። ማታ መብራቱ ወደ 190 በሚወርድበት ሰፈር ግን 30 ዋት እንኳ አይደርስም፣ ሰሙም ይተኛል። የአዲስ አበባ ቤት በክረምትና በኅዳር በታኅሣሥ ሌሊት ከ20 ዲግሪ በታች ስለሚሆን ሁለቱ ሲደራረቡ ሰሙ እንደ ዓምድ ቆሞ ይቀራል። መላው፦ ከመስኮትና ከሲሚንቶ ወለል አርቆ እንጨት ላይ ማስቀመጥ፣ ለመጀመሪያው አንድ ሰዓት የጠርሙሱን ጫፍ በአሉሚኒየም ፎይል መሸፈን፣ ሰሙ መንቀሳቀስ ሲጀምር ማንሳት። ጨርቅ አይሆንም፣ እሳት ነው።

ሴንቸሪውንም ቢሆን ማስኬድ ይቻላል። የእኛ ኢ27 አምፖል በአሜሪካው ኢ26 ጥርስ ይገባል፤ 220 ቮልት 40 ዋት ባለ ክር ግዛና ግጠም በዪው። ገመዱ ላይ ያለው ማብሪያ 125 ቮልት ብቻ የሚል ከሆነ በ250 ይቀየር። በምንም ዓይነት የ120ውን አምፖል እዚህ አይሰካ፤ ከ100 ዋት በላይ ለቅጽበት ያበራና ይቃጠላል፣ አንዳንዴም ይፈነዳል። ባለ ኢ17 ትንሹ ላምፕ ግን የእኛን ቮልት የሚችል አምፖል ስለማይገኝለት 100 ዋት የሚችል መቀነሻ ትራንስፎርመር ያስፈልገዋል፤ የስልክ ቻርጀር ላይ የሚሰካው አስማሚ ቮልት አይቀንስም።

በአውሮፕላን ሲመጣ በእጅ ሻንጣ አያስገቡትም፣ ፈሳሹ ከ100 ሚሊ ሊትር በላይ ነው። በሚጫነው ሻንጣ ውስጥ ጠርሙሱ ለብቻ፣ መቀመጫው ለብቻ፣ አምፖሉ ወልቆ ይታሰር። እንደደረሰ ቆሞ 24 ሰዓት ይረፍ፣ ከዚያ ይብራ።